ጥርስ ያለው በር

[ቦታው ታዝማኒያ ነው፤ ሆባርት ከተማ ዳር፣ ዴቭል የሚባለውን አውሬ የሚያረቡበት ጣቢያ ውስጥ ያለች ጠባብ ላቦራቶሪ። ዴቭል ጥቁር፣ ቁመቱ ትንሽ ውሻ የሚያክል፣ ሥጋን ከነአጥንቱ የሚቆረጥም፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ፍጥረት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሰይጣን ማለታቸው ነበር፤ ጠባዩም ስም አውጪዎቹን አላሳፈረም። ዳርሲ የነዚህ አውሬዎች ጠባቂ ነው፤ ጺሙ ሰፊ፣ ልቡ ከጺሙ የሰፋ፣ ነገር ሲገባው ግን ዘግየት የሚል። ዶክተር ግሌኒስ ደግሞ የላቦራቶሪው ባለቤት ናት። እሷ የማታውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። የግራ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፍሪጁን ከፍታ፣ አንድ ዳቦ በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ ቆማለች።]

ግሌኒስ፦ እኮ፣ ይኼ ምንድን ነው?

ዳርሲ፦ ዳቦ።

ግሌኒስ፦ ዳቦ መሆኑንማ አላጣሁትም! ከመመርመሪያ መድኃኒቴ፣ ከአንቲቦዲዬ ጎን ምን ያደርጋል ነው የምልህ!

ዳርሲ፦ ምንም አያደርግ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ቁጭ ብሏል።

ግሌኒስ፦ ቬጅማይት፣ ያ ጥቁር የእርሾ ቅባት፣ የተቀባ ዳቦ! ላቦራቶሪ ፍሪጅ ውስጥ! ሽታው ብቻ ስንቱን ይፈጃል!

ዳርሲ፦ ምን ላድርግ፣ የሻይ ክፍሉ ፍሪጅ በባልደረባዬ በግሬም ኬክ ተሞልቷል። ሰውዬው ሲነከስም ልክ የለው፣ ሲጋግርም ልክ የለው።

ግሌኒስ፦ ይጋግራ! ሕግ ነው። በዚህ ጣቢያ አውሬ የነከሰው ሰው፣ አርብ ለሻይ ኬክ ጋግሮ ያመጣል። ለምን? አውሬ የሚነክሰው የያዘው ሰው አያያዝ አላውቅ ሲል ነው። እኔ እዚህ ስኖር አንድ ቀን ኬክ ስጋግር አይተኸኛል?

ዳርሲ፦ [ፋሻውን ሰረቅ አድርጎ እያየ] አላየሁሽም። ጣትሽ ግን እንዴት አደረ?

ግሌኒስ፦ በር ነው ብዬሃለሁ!

ዳርሲ፦ እሺ፣ በር ነው።

ግሌኒስ፦ ማንም ቢጠይቅህ?

ዳርሲ፦ በር ነው።

ግሌኒስ፦ ጎበዝ።

ዳርሲ፦ ጥርሱ ግን አይጣል ነው።

ግሌኒስ፦ ዳርሲ!

ዳርሲ፦ የበሩን ነው የምልሽ!

[ዳርሲ የመጣው ለዳቦው አይደለም። የመጣው ለባርናቢ ነው። የባርናቢን እናት መኪና ገጭቶ ሲገድላት፣ ግልገሉን ከነእህቱ ከመንገድ ዳር አንስቶ፣ ሸሚዙ ውስጥ አቅፎ፣ ጡጦ እያጠባ ያሳደገው እሱ ነው። ዛሬ ጤነኞቹ ዴቭሎች መኪናም በሽታም ወደሌለበት ደሴት በጀልባ ይሄዳሉ። ባርናቢ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ውጭ ይጠብቃል። ዳርሲ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፣ ለመጠየቅ ግን ፈርቷል።]

ዳርሲ፦ ግሌኒስ፣ ዳቦውን ተይውና… ጀልባው ከምሳ በኋላ ይነሳል። የባርናቢ ደም ምን አለ?

ግሌኒስ፦ ደም አይናገርም። እኔ ነኝ የምናገርለት።

ዳርሲ፦ እሺ፣ አንቺ ምን አልሽ?

ግሌኒስ፦ አይሄድም።

ዳርሲ፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል] ኧረ በፈጠረሽ! የእንስሳት ሐኪሙ እኮ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ፈትሾ ጤነኛ ነው ብሎታል!

ግሌኒስ፦ ሐኪሙ ያየው ከውጭ ነው። እኔ ያየሁት ከውስጥ ነው።

ዳርሲ፦ ውስጡ ምን ሆነ?

ግሌኒስ፦ ላስረዳህ። ለአንተ ማስረዳት ውሃ መውቀጥ ቢሆንም ላስረዳህ። ደም ውስጥ ነጭ ሴሎች አሉ፤ በሽታ የሚዋጉ።

ዳርሲ፦ ነጭ ከሆኑ ደሙ ለምን ቀላ?

ግሌኒስ፦ ቀዮቹ ስለሚበዙ! ነጮቹ በቀዮቹ መሀል ጠፍተው ነው ያሉት። እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ግን ነጩን ሴል ብቻ ፈልጎ ይለጠፍበትና አረንጓዴ ያበራበታል።

ዳርሲ፦ ነጩን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ግሌኒስ፦ አዎ።

ዳርሲ፦ ቀይ ውስጥ ያለውን።

ግሌኒስ፦ አዎ!

ዳርሲ፦ ነጭ መሆኑን ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?

ግሌኒስ፦ አረንጓዴ ስለሆነ!

ዳርሲ፦ [ጺሙን እየደባበሰ] ትምህርት ጥሩ ነው።

ግሌኒስ፦ ገና ምኑን ሰማህ! ይኼን አንቲቦዲ የሠሩት ሰዎች ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? የሚያውቀው የሰውን ነጭ ሴል ብቻ ነው፤ አውሬ ላይ አይሠራም ይላሉ። አመንኳቸው? አላመንኳቸውም። የባርናቢ ደም ላይ ጠብ አደረግኩት። በማይክሮስኮፕ ባይ፣ ቦግ! እንደ ገና ዛፍ! ዴቭል ላይ ይሠራል ማለት ነው። ዓለም ያላወቀውን ግሌኒስ አወቀች። አርብ ሻይ ላይ ለሁሉም አወጣዋለሁ፤ የጣቢያውን ኃላፊም ጠርቻታለሁ።

ዳርሲ፦ ከግሬም ኬክ ጋር ጥሩ ይሄዳል። ግን ከበራለት፣ ባርናቢን ለምን ትከለክይዋለሽ?

ግሌኒስ፦ አረንጓዴ ከበሩት ሴሎች መሀል፣ ወስፋት ሲኖር የሚበዙት ዓይነቶች ተትረፍርፈዋል። የዚህ ደም ባለቤት ሆዱ ወስፋት ነው!

ዳርሲ፦ ባርናቢ? ጸጉሩ እንደዚያ እያበራ?

ግሌኒስ፦ ደም አይዋሽም። የዚህ ደም ባለቤት ሆዳም ነው፤ ይበላል ይበላል፣ አይጠረቃም። ደግሞ ያሳክከዋል። [ጀርባዋን በመደርደሪያው ጠርዝ ትፈትጋለች] ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ቁጡ ነው። ጥያቄ ሲበዛበት ይጮኻል።

ዳርሲ፦ ባርናቢ እንኳ ስጠይቀው አይጮኽም።

ግሌኒስ፦ ይጮኻል አልኩህ!

ዳርሲ፦ እሺ፣ ይጮኻል። ከየት አመጣው ታዲያ ወስፋቱን?

ግሌኒስ፦ አንዱ መንገድ ከውሻ ጋር አንድ ሳህን መብላት ነው።

ዳርሲ፦ ባርናቢ ከተወለደ ውሻ አላየም። ያንቺ ውሾች ናቸው ከሳህንሽ የሚ…

ግሌኒስ፦ የኔን ውሾች ተዋቸው! ከስንት ሰው እነሱ ይሻላሉ። አንዷማ ዳቦዬን ሳትቀምስልኝ መብላትም አልችል። ይልቅ ስማኝ፤ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። መድኃኒቱን አልሰጠህም?

ዳርሲ፦ [ከኪሱ ትልልቅ እንክብሎች ያወጣል] ሰጥቶኛል። በጥሬ ሥጋ ጠቅልለህ አስውጠው ብሎኛል።

ግሌኒስ፦ በትክክል። ከዛሬ ጀምሮ ለብቻው ይታሰር። ምግቡ በግማሽ ይቀነስ። ማንም እንዳይስመው።

ዳርሲ፦ እኔ በየጠዋቱ እስመዋለሁ እኮ።

ግሌኒስ፦ አትሳመው!

ዳርሲ፦ የሚቀጥለው ጀልባ የከርሞ ነው፣ ግሌኒስ። ከርሞ ደግሞ ያረጃል፤ እነሱ ቶሎ ነው የሚያረጁት። ያረጀ አይወስዱም። [ድምፁ ይሰበራል] እዚህ ሽቦ ውስጥ ሆኖ ባሕሩን እያሸተተ ሊሞት ነው።

[ግሌኒስ አንገቷን ትደፋለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ማወቅ እንጂ መጨከን አትወድም። ዳርሲ ጺሙን በእጅጌው ያብሳል፤ ከዚያ ድንገት ቀና ይላል።]

ዳርሲ፦ የዶሪስንስ አየሽው? እህቱ እኮ ናት። ካንድ ገበታ ነው የሚበሉት፤ እሱ ወስፋት ካለው እሷም አላት። እሷ ከሌላት…

ግሌኒስ፦ …እሱም ላይኖረው ይችላል ልትል ነው? አይ የዋህ! ደግ፣ አንጀትህ ይራስ። የዶሪስ ደም የት አለ?

ዳርሲ፦ ይኸው። ሐኪሙ አስተኝቶ ነው የቀዳላት። ስታንኮራፋ ብታያት!

[ግሌኒስ ከዶሪስ ደም ትንሽ ወስዳ፣ አንቲቦዲውን ጠብ አድርጋ፣ እስኪለጠፍ ጠብቃ ማይክሮስኮፑ ላይ ታጎነብሳለች። ዳርሲ ከኋላዋ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።]

ግሌኒስ፦ ምንም የለም።

ዳርሲ፦ ወስፋት የላትም! እሰይ!

ግሌኒስ፦ ነጭ ሴል የላትም! አንድ እንኳ አልበራም!

ዳርሲ፦ እና ይኼ ጥሩ ነው መጥፎ?

ግሌኒስ፦ ያለ ነጭ ሴል የሚኖር ፍጥረት የለም፣ ዳርሲ። በሳይንስ ካየነው ዶሪስ ሞታለች።

ዳርሲ፦ [ከመቀመጫው ይዘላል] ምን? ጠዋት የካንጋሮ ጭራ ከነአጥንቱ በልታ፣ የባልዲውን እጀታ አስከትላለች እኮ!

ግሌኒስ፦ አላወቀችው ይሆናል።

ዳርሲ፦ ማን ይነግራታል ታዲያ? እኔ አልነግራትም! እሷ መርዶ ሲነግሯት ትናከሳለች!

ግሌኒስ፦ ቆይ… ቆይ! ዳቦህ! ዳቦህ ነው! ቬጅማይቱ አንቲቦዲዬን ገደለው!

ዳርሲ፦ ክዳኑ እንደተዘጋ?

ግሌኒስ፦ ነፍሰ ገዳይ! ግኝቴን በቁርስ ገደልክብኝ!

ዳርሲ፦ የምሳ ነው። ይልቅ የባርናቢን ደም ድገሚውና እይው። ከበራ ዳቦዬ ንጹሕ ነው።

[ትደግመዋለች። ታያለች። ፊቷ ያለቀለት ሰው ፊት ይመስላል።]

ግሌኒስ፦ ቦግ ብሏል።

ዳርሲ፦ [ዳቦውን አንስቶ እየገመጠ] ንጹሕ ነህ፣ ልጄ።

ግሌኒስ፦ እዚህ አይበላም!

ዳርሲ፦ እንግዲያ ሦስተኛ ደም ፈልጊ። ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይፈለጋል አይደል? የኔን ውሰጂ። [ጣቱን ይዘረጋል]

ግሌኒስ፦ አንተ አውሬ ነህ እንዴ?

ዳርሲ፦ ባለቤቴ ነህ ትለኛለች።

[ግሌኒስ ጣቱን በመርፌ ጠቅ ታደርገዋለች፤ ዳርሲ ሕመሙን ለመርሳት ያዜማል። ደሙን ታዘጋጅና ታያለች።]

ግሌኒስ፦ በራ።

ዳርሲ፦ እኔ በራሁ?

ግሌኒስ፦ በራህ።

ዳርሲ፦ እኔ በራሁ፣ ባርናቢ በራ፣ ዶሪስ አልበራችም። [እንባው ይመጣል] ዘመዴ መሆኑን ድሮም ልቤ ጠርጥሮ ነበር! አፍንጫችንም እኮ አንድ ነው። ግን ዶሪስስ? እህቱ ሆና እንዴት የኔ ዘመድ ሳትሆን ቀረች?

ግሌኒስ፦ ዝም በል እስቲ። አንተ ሰው ነህ።

ዳርሲ፦ አመሰግናለሁ።

ግሌኒስ፦ አንቲቦዲው ሰው ያውቃል። አንተን አወቀህ። ዴቭሏን አላወቃትም። ልክ ሠሪዎቹ እንዳሉት። ባርናቢን ግን… [ቀስ ብላ ትዞራለች] ዳርሲ። ያንን ደም ከየት ነው የቀዳኸው?

ዳርሲ፦ እኔ እንጃ።

ግሌኒስ፦ እንዴት እኔ እንጃ! ብልቃጡን የያዝከው አንተ አይደለህ?

ዳርሲ፦ የዚያን ዕለት የሆነውን እንዳልናገር አስምለሽኛል።

ግሌኒስ፦ ለሌላ ሰው ነዋ!

ዳርሲ፦ ማንም ቢጠይቅህ ነው ያልሽኝ። አንቺም ማንም ውስጥ አለሽበት። በር ነው።

ግሌኒስ፦ በሩን ተወው! መሐላህን ፈትቼልሃለሁ! ተናገር!

ዳርሲ፦ እሺ፤ ማን ያውራ የነበረ። "ዞር በል፣ እኔ አውቃለሁ" አልሽኝ። ዞር አልኩ። ባርናቢን አንገቱ ላይ ልትይዥው ስትይ፣ በሩ አውራ ጣትሽን…

ግሌኒስ፦ ባርናቢ በል!

ዳርሲ፦ ባርናቢ አውራ ጣትሽን ቀርጥፎ ያዘ። አንቺ ዓይንሽን ጨፈንሽ።

ግሌኒስ፦ የራሴን ደም ማየት አልወድም። የሰው ሲሆን ግድ የለኝም። ቀጥል።

ዳርሲ፦ ዓይንሽን እንደጨፈንሽ "ዳርሲ! ደሙን ያዝ! አንዲት ጠብታ እንዳትባክን!" ብለሽ ጮኽሽ። እኔም ብልቃጡን ከሥር ደቀንኩ። አንዲት ጠብታ አልባከነችም።

ግሌኒስ፦ [በሹክሹክታ] ከማን የሚፈስ ደም?

ዳርሲ፦ ከሚደማው ነዋ።

ግሌኒስ፦ ባርናቢ አይደማም ነበር?

ዳርሲ፦ ባርናቢማ አፉን ሞልቶ ነበር፤ ምን ያደማዋል?

[የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት፣ በዚያች ደቂቃ ላቦራቶሪው መሀል ቆማ ፋሻዋን ታያለች። ከዚያ ሳታስበው ጎኗን ታክካለች። ዳርሲ ያያታል። ነገሩ ከሩቅ ሲመጣ በዓይኑ ይታያል፤ ደረሰ፣ ቆመ፣ ገባ።]

ዳርሲ፦ ግሌኒስ… የዚያ ደም ባለቤት እኮ ሆዳም ነው ብለሻል።

ግሌኒስ፦ በቃ!

ዳርሲ፦ ያሳክከዋል ብለሻል።

ግሌኒስ፦ በቃ አልኩህ!

ዳርሲ፦ ጥያቄ ሲበዛበት ይጮኻል ብለሻል።

ግሌኒስ፦ በቃአአ!

ዳርሲ፦ [በርኅራኄ] አይዞሽ። ምግብሽን በግማሽ እቀንስልሻለሁ።

[ከወደቡ በኩል የጀልባው ጥሩምባ ይሰማል። ዳርሲን ሣቁም ርኅራኄውም ጥለውት ይጠፋሉ። ሮጦ ወጥቶ የባርናቢን ሣጥን አቅፎ ይመለሳል። ከውስጡ ቁጡ ማጉረምረም ይሰማል።]

ዳርሲ፦ ደውይለት! ለሐኪሙ ደውይለትና ይሂድ በይ! ሐኪሙ ፈቅዶለት ነበር፤ የያዘው ያንቺ ቃል ብቻ ነው!

ግሌኒስ፦ ብደውል ለምን ይለኛላ! ደሙ የኔ ነው ልበል? ያ ማለት ተነክሻለሁ፣ ያ ማለት አያያዝ አላውቅም፣ ያ ማለት ኬክ! ግኝቱም ቀረ! ኃላፊዋንም ጠርቻታለሁ! ከርሞ… ከርሞ ቢሄድ ምን ይለዋል?

ዳርሲ፦ [ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። አይጮኽም።] ግሌኒስ፣ እኔ ብዙ ነገር አይገባኝም፤ ይኼን አውቃለሁ። ይኼ ልጅ ግን ሸሚዜ ውስጥ ነው ያደገው። እንዲሄድብኝ አልፈልግም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከትናንት ጀምሮ እያለቀስኩ ነው። ግን ይሂድ። አንቺም ውሾችሽን ትወጃለሽ።

[ግሌኒስ ሣጥኑ ውስጥ ታያለች። ሁለት ትናንሽ ዓይኖች መልሰው ያዩዋታል፤ ጸጸት የሚባል ነገር የለባቸውም። ስልኩን ታነሳለች።]

ግሌኒስ፦ ሃሎ፣ ሐኪም? ግሌኒስ ነኝ። ባርናቢ ይሂድ። አዎ፣ ነጻ ነው። ወስፋት የለበትም… አይ፣ ምርመራውስ ትክክል ነው። ወስፋቱም በትክክል አለ። እሱ ላይ አይደለም እንጂ… [ስልኩን በመዳፏ ሸፍና] ማን ላይ ነው ይለኛል! ምን ልበለው? ዳርሲ፣ ምን ልበለው?

ዳርሲ፦ አምጪው። እኔ ቃሌን አላጥፍም። [ስልኩን ይቀበላታል] ጤና ይስጥልኝ ሐኪም። ወስፋቱ ያለበት በሩ ነው።

[ከስልኩ ውስጥ ሰው ትን ሲለው ይሰማል።]

ዳርሲ፦ አዎ፣ የላቦራቶሪው በር… አዎ፣ ውሾች ያሉት… ሆሆ፣ ለመድኃኒቱ መጠን ቢሆንም ስለ ክብደቱማ አልጠይቀውም፤ ይጮኽብኛል… እሺ። እሺ፣ እነግረዋለሁ።

[ስልኩን ይዘጋል። እንክብሎቹን ከኪሱ አውጥቶ ግሌኒስ ፊት በሥርዓት ይደረድራቸዋል። ሣጥኑን ያቅፋል፤ ከንፈሩን ሣጥኑ ላይ አሳርፎ ቀዳዳዎቹ ባሉበት በኩል ይስመዋል፤ ከውስጥ ጥርስ ቀጭ ሲል ይሰማል፤ ዳርሲ ጺሙን በደስታ ያስለቅቃል። እየተጣደፈ ይወጣና፣ ደጃፉ ላይ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው መለስ ይላል።]

ግሌኒስ፦ ምን አለህ? ቆይ እንጂ! ሐኪሙ ምን አለህ?

ዳርሲ፦ "በሩ አርብ ለሻይ የቸኮሌት ኬክ ይዞ ይምጣ" ብሏል። ከመጋገሩ በፊት ግን፣ እባክሽ፣ እጁን በደንብ ይታጠብ።